የጣቢያችን ዓርማዎች ከአማራ ቲቪ እስከ አሚኮ፦ ያላችሁን አምጡና እናሰባስብ

የጣና_ዳር፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ይህን ክር የከፈትኩት ተናድጄ ነው። ቴሌግራም ላይ የድሮ ባሕር ዳርን ቪዲዮ የሚለጥፉ ልጆች በዝተዋል፤ ደግ አደረጉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን አንድ ነገር ያበላሹብናል። ጥጉ ላይ ያለውን የጣቢያ ዓርማ ቆርጠው ይጥሉታል፣ ወይም በላዩ ላይ የራሳቸውን ቻናል ስም ይለጥፉበታል። ከዚያ «የድሮዋ ባሕር ዳር» ብለው ይለቁታል። የድሮ ማለት መቼ? 1995? 2003? 2010? ዘመኑን የሚነግረን ያ የተቆረጠው ዓርማ ነበር እኮ።

ሐሳቤ ይህ ነው። የክልላችን ቴሌቪዥን ባለፈባቸው ዘመናት ሁሉ ስክሪን ላይ ያወጣቸውን መለያዎች በቅደም ተከተል እንሰብስብ። የጥጉ ዓርማ፣ የዜና መክፈቻ፣ ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ፣ የስም ማሳያው፣ ሁሉም። ከትዝታ የተሳለ አይደለም የምፈልገው፤ ከካሴት ወይም ከፋይል የወጣ እውነተኛ ምስል ነው። ይህ ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ ከተሠራ፣ ነገ ማንም ሰው ቀን የሌለው ቪዲዮ ሲያገኝ ጥጉን አይቶ ዘመኑን ይለያል።

ለመነሻ የሚሆነንን ላስቀምጥ። ድርጅቱ በጋዜጣ ነው የጀመረው፤ በኩር በ1987 ዓ.ም. መታተም ጀመረች። ሬዲዮው ተከተለ። ቴሌቪዥኑ በመጀመሪያ የራሱ ቻናል አልነበረውም፣ ኢቲቪ ላይ በተመደበለት ሰዓት ነበር የሚተላለፈው። በኋላ የራሱን የሳተላይት ስርጭት ያዘ። የድርጅቱ ስም ለረጅም ጊዜ የአማራ ብዙኃን መገናኛ ድርጅት ነበር፣ ሁላችንም አብመድ የምንለው። በ2013 ዓ.ም. አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ሆነና አሚኮ ተባለ። ከዚያ አሚኮ ኅብር የሚባለው ቻናል መጣ።

በሉ እንግዲህ። ያላችሁን አምጡ።

ፖሊ_ግራፊክስ፦
የጣና ዳር፣ ልቤ ውስጥ ገብተህ ነው የጻፍከው። በግራፊክስ ሥራ ነው የምተዳደረውና ከሙያው ጎን ትንሽ ልጨምር። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

መጀመሪያ የዓርማው ቦታ። በድሮ ቪዲዮ ላይ ዓርማው ከጥጉ ራቅ ብሎ ወደ ውስጥ ገብቶ ታዩታላችሁ። ብዙ ሰው የአሠራር ጉድለት ይመስለዋል፤ አይደለም። ያ ሆዱ የተቆዘረ የድሮ ቴሌቪዥን የምስሉን ጠርዝ በአራቱም በኩል ይውጠው ነበር። ዓርማው ጥጉ ላይ ቢለጠፍ ግማሹ በሣጥኑ ጠርዝ ይበላል። ስለዚህ በየትኛውም አገር ያለ ጣቢያ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ጠፍጣፋው ሲመጣ ምስሉ ሙሉ በሙሉ መታየት ጀመረ፣ ዓርማውም ቀስ በቀስ ወደ ጠርዙ ተጠጋ። እንግዲህ የዓርማው ርቀት ብቻውን ፍንጭ ይሰጣችኋል ማለት ነው።

ሁለተኛ የምስሉ ቅርጽ። የድሮው 4 በ3 ነው፣ የአሁኑ 16 በ9። የድሮውን ቪዲዮ ጎትተው ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ የሚያደርጉት አሉ። ሰዉ ሁሉ ይወፍራል፣ የባጃጁ ጎማ ሞላላ ይሆናል፣ ዓርማውም እንደዚሁ ይለጠጣል። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ «ይሄ ሌላ ዓርማ ነው» ይላል። ሌላ አይደለም፤ የተጎተተ ነው። ሁለት ዓርማ ከማወዳደራችሁ በፊት ምስሉን ወደ ቅርጹ መልሱት። ጎማ ፈልጉ፣ ሰዓት ፈልጉ፣ ክብ የሆነ ማንኛውንም ነገር ፈልጉ፤ እሱ ክብ ሲሆን ምስሉ ተስተካክሏል።

ሦስተኛ ፊደላችን። እዚህ ላይ ብዙ ማለት እችላለሁ። የድሮው የቴሌቪዥን ምስል የሚታዩት መስመሮች 576 ናቸው። ቪኤችኤስ ካሴት ላይ ሲቀዳ ደግሞ ዝርዝሩ ከዚያም በጣም ይወርዳል። በዚህ ላይ የጥጉ ዓርማ ለራሱ የሚያገኘው የተወሰኑ አሥር መስመሮችን ነው። የላቲን ፊደል እንኳ በዚያ ይቸገራል። የኛ ፊደል ደግሞ ትርጉሙ ያለው በቅጥያው ላይ ነው። ሚ እና ሜ የሚለዩት ከእግራቸው በምትወጣ ትንሽ ነገር ነው። ያቺ ነገር ካሴት ላይ ትጠፋለች። ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ትንሽ ዓርማ ላይ ካጨናነቅህ ደግሞ ጨርሶ የማይነበብ ጭቃ ይሆናል። ቀይ ከሆነማ አይጣል ነው፤ ቪኤችኤስ ላይ ቀይ ቀለም ወደ ጎን ይፈሳል። ቀጭን አግድም መስመርም በድሮው ስክሪን ላይ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚያመሸው። ስለዚህ ዓርማ ሲቀየር «ለምን ነኩት» ብለን ከመቆጣታችን በፊት የቀድሞው በዚያ ዘመን ስክሪን ላይ ምን ይመስል እንደነበር ማየት ደግ ነው።

የዲሽ_ልጅ፦
እኔ ደግሞ ከጣሪያ በኩል ልናገር። ዲሽ ሳስተካክል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ዘመን ለመለየት ትልቁ ምልክት የሳተላይት ለውጡ ነው። ድሮ ቻናሎቻችንን የምናየው በናይልሳት በኩል ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት መጣ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ። የዚያን ጊዜ የባሕር ዳር ጣሪያ ላይ የነበረውን ሥራ የሠራ ያውቀዋል። የናይልሳቱ ዲሽ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ዝቅ ብሎ ነበር የሚያየው። ለኢትዮሳት ወደ ምሥራቅ አዙረን ሽቅብ ማቅናት ነበረብን። ከሽምብጥ እስከ አባይ ማዶ ዲሹ ሁሉ ጀርባውን አዞረ። የመንገድ ቪዲዮ ካላችሁና ጣሪያው ከታየ፣ ዲሾቹ ወደየት እንደሚያዩ ተመልከቱ። ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚያዩት ከበዙ ከ2012 ወዲህ ነው ብላችሁ ገምቱ።

ሌላው ሪሲቨሩ ነው። ሰው ቻናል ሲቀይር ከታች ብቅ የምትለው ስም አለች አይደል? እሷ ከጣቢያው ዓርማ ጋር አንድ አይደለችም። ብዙው ሪሲቨር ስሟን የሚይዘው ስካን ባደረጋችሁ ቀን ነው፣ እንደገና እስክትፈልጉ ድረስ እዚያው ትቀራለች። ስለዚህ ጣቢያው ስሙን ቀይሮ ጥጉ ላይ አዲሱ ዓርማ እየታየ፣ ከታች ግን አሮጌው ስም ሊወጣ ይችላል። በስልክ ከቴሌቪዥን ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ካገኛችሁ በታችኛው ስም አትታለሉ። ጥጉን ነው ማመን።

እታለም_ሽምብጥ፦
ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም ስለ ዓይን ነው የምታወሩት። ጆሮስ?

እናቴ ዜናውን የምትከታተለው ወጥ ቤት ሆና ነው። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነው፤ ዓርማውን አታየውም። ግን የዜና መክፈቻው ዜማ ሲጀምር «ድምፁን ከፍ አድርጉልኝ» ትላለች። ሌላ ቻናል ከሆነ ዝም ትላለች። ለሷ የጣቢያው መለያ ያ ዜማ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ነገር አሥር ጊዜ ቢቀየር አይሞቃትም አይበርዳትም፤ ዜማው የተቀየረ ዕለት ግን ቤቱ ውስጥ ጥያቄ ይነሣል።

ሬዲዮውንም አትርሱት እንጂ። አጭር ሞገድ 6090 ላይ የሚያዳምጡ የገጠር ሰዎች ዓርማ ምን እንደሚመስል አይተው አያውቁም። ባሕር ዳር ኤፍኤም 96.9ን ደግሞ ሰው በቁጥሩ ነው የሚያውቀው። ቁጥሩ ራሱ ዓርማ ሆኗል። ስለዚህ ስብስቡ ውስጥ ድምፅም ይግባ። የመክፈቻ ዜማ፣ የሰዓት መንገሪያ፣ አንባቢው ጣቢያውን ሲጠራ የሚልበት አባባል። ይህ ከሌለ የጎደለ ታሪክ ነው የምትሠሩት።

የጣና_ዳር፦
እታለም፣ ትክክል ነሽ፣ ይግባ። እንዲያውም ለመጀመሪያው ዘመን ከምስሉ ይልቅ ያንቺ ሐሳብ ነው የሚጠቅመን። ምክንያቱም ፕሮግራሙ በኢቲቪ ሰዓት ውስጥ ሲተላለፍ በነበረበት ጊዜ ጥጉ የባለቤቱ የኢቲቪ ነው። የክልሉ ፕሮግራም ማንነቱን የሚያሳየው ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው፤ በዜማው፣ በርዕሱና መጨረሻ ላይ በሚወጡት ስሞች። መሃሉን ብቻ የቆረጠ ሰው ሁሉንም ማንነት አጥፍቶታል ማለት ነው።

ስለዚህ ካሴት ያላችሁ ሰዎች እባካችሁ ከመክፈቻው በፊት ካለው ማስታወቂያ ጀምራችሁ አስቀምጡ። «ማስታወቂያ ነው፣ አይጠቅምም» እንዳትሉ። የቢራ ማስታወቂያ፣ የሳሙና ማስታወቂያ፣ የሎተሪ ዕጣ መውጫ ቀን፣ እነዚህ ናቸው ዓመቱን የሚያወጡልን።

ፔዳ_ታሪክ፦
ነገሩን ሰፋ አድርገን እናየው ዘንድ የኢቲቪን ታሪክ ላስታውስ። ኢቲቪ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ጀመረ። ቀለም የመጣው ከአብዮቱ 10ኛ ዓመት ጋር ነው፣ 1977 ሲጠባ። በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነና ስክሪኑ ላይ ኢቢሲ የሚል ስም ወጣ። ሕዝቡስ? ሕዝቡ ኢቲቪ ማለቱን ቀጠለ። ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ቤት፣ ቤት ውስጥ፣ ኢቲቪ ነው። በመጨረሻ ድርጅቱ ራሱ ወደ ሕዝቡ መጣ፤ ኮርፖሬሽኑ ኢቢሲ እንደተባለ ቀርቶ ቻናሎቹ ኢቲቪ ዜና፣ ኢቲቪ መዝናኛ፣ ኢቲቪ ቋንቋዎች ተባሉ።

ከዚህ የምረዳው የድርጅት ስምና የቻናል ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። አብመድ የድርጅቱ ስም ነበር፤ ጋዜጣውንም ሬዲዮውንም ይዞ። ተመልካቹ ግን ቻናሉን አማራ ቲቪ ነው የሚለው። በዚህ ላይ በእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል ኤ ኤም ኤም ኤ ይባል ነበር። በአማርኛ አንድ ስም፣ በእንግሊዝኛ ሌላ ስም፣ በሰው አፍ ደግሞ ሦስተኛ። አሚኮ ሲመጣ ይህ ችግር ቀለለ። በኛም ፊደል በላቲኑም ሲነበብ ያው አሚኮ ነው። እኔ በበኩሌ ለውጡን የምደግፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ድባንቄ፦
እኔ ግን አልደግፈውም። አብመድ ስትል ወዲያው የምታውቀው ስም ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት የተለፋበት ስም። ኮርፖሬሽን መሆኑ ካስፈለገ ይሁን፣ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ስም ለምን ይነካል? አያቴ ዛሬም «አማራ ቴሌቪዥን ክፈቱልኝ» ነው የምትለው፣ አሚኮ ብላት «እሱ ምንድን ነው» ትለኛለች። ሰው የሚያምነው የለመደውን ስም ነው። ዜና ደግሞ በእምነት ነው የሚሰማ።

ፔዳ_ታሪክ፦
ድባንቄ፣ ክርክርህ ይገባኛል። ግን አብመድንም እኮ ሰው የለመደው ከጊዜ በኋላ ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ አሚኮን ነው የሚያውቀው። አያትህና ልጁ አንድ ቤት ተቀምጠው አንድ ዜና ነው የሚያዩት።

ድባንቄ፦
አንድ ዜና ማየታቸውማ እውነት ነው። እኔ የምለው ስም ሲቀየር አሮጌው ቢያንስ ለተወሰነ ጊዜ ከአዲሱ ጎን ይታይ ነው። «አሚኮ፣ የቀድሞው አብመድ» ብሎ ዓመት ቢቆይ ምን ይጎዳል? የሰፈር ሱቅ እንኳ ቦታ ሲቀይር በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ነው የሚሄደው።

ወሎዬው፦
ሰላም ከደሴ። ክሩን ሳነብ ቆይቼ አንድ ነገር ልበል።

ባሕር ዳር ያላችሁ ወንድሞቼ ስለ ዓርማ ስታወሩ ሁልጊዜ ጣና ነው የሚመጣባችሁ። ሌላም ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ውይይት አይቻለሁ። አንዱ የደንገል ታንኳ ይሁን ይላል፣ አንዱ ጢስ አባይ፣ አንዱ ደግሞ አዲሱን የአባይ ድልድይ። ያምራል፣ አልጠላም። ግን ጣቢያው የባሕር ዳር ብቻ አይደለም። ከሚሴ ያለው ሰው፣ ሰቆጣ ያለው ሰው፣ እንጅባራ ያለው ሰው ያንን ታንኳ አይቶ «የኔ ጣቢያ ነው» ይላል ወይ? ድርጅቱ ራሱ ከበኩር ሌላ በአፋን ኦሮሞ ሂርኮን፣ በአዊኛ ቺርቤዋን፣ በኽምጣና ኽምጠ ዊከን አሳትሟል። ጋዜጣው ላይ የታሰበበትን ነገር ዓርማው ላይ መርሳት አይገባም። ቤተ ክርስቲያን ብቻ ከሆነም መስጊዱ የታለ የሚል ይመጣል፣ ልክም ነው።

ዘጌ_ቡና፦
ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ደግሞ ታንኳው ይሁን ከሚሉት ነኝ። ግን የወሎው ልጅ ያለው ነገር አሳሰበኝ፣ እውነት አለው።

የጻፍኩት ለሌላ ጉዳይ ነው። እኔ ዘጌ ነው የምኖረው። ድሮ ዴክ ነበረኝ። ስለ ጣና ደሴቶች፣ ስለ ገዳማቱ፣ ስለ ዓሣ አስጋሪዎቹ በቴሌቪዥን ሲቀርብ ካሴት ላይ እቀዳ ነበር። ካሴቶቹ ሣጥን ውስጥ አሉ። ዴኩ ከተበላሸ ቆይቷል። በቀደም ሣጥኑን ከፍቼ ሳይ አንዳንዶቹ ላይ በመስታወቷ በኩል ነጭ ነገር ይታያል። እንዲህ የሆነ ካሴት ይድናል? ከተማ ወስጄ ለአንድ ስቱዲዮ ሰጥቼ ነበር አንዱን፤ በሲዲ አድርገው ሲመልሱልኝ ከላይና ከታች ተቆርጧል፣ ቀለሙም ሌላ ሆኗል። ካሴቱንም ጎድተውታል። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልሰጠሁም።

ፖሊ_ግራፊክስ፦
ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። እባክዎ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ያ ነጭ ነገር የታየባቸውን ካሴቶች ምንም ዴክ ውስጥ አያስገቧቸው። ሻጋታ ነው። የሐይቁ ዳር እርጥበት ነው ያመጣው። ዴክ ውስጥ ከገባ የሚያነበውን ክፍል ያበላሻል፣ ከዚያ በሚቀጥለው የሚገባውን ደህና ካሴት ሁሉ ይበክላል። ንጹሖቹን ከነጩ ለይተው በተለያየ ሣጥን ያስቀምጧቸው። አያጋድሙ፣ እንደ መጽሐፍ ያቁሟቸው። ፀሐይ ላይ አያስጧቸው። ደረቅና ነፋስ የሚያገኝ ክፍል ይበቃል። ሻጋታው ደርቆ በጥንቃቄ ከተጠረገ ብዙ ካሴት ይድናል፣ ተስፋ አይቁረጡ።

ንጹሖቹን ደግሞ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጠንጥነን መልሰን እናጠነጥናቸዋለን፣ ለዓመታት የተጣበቀው እንዲላቀቅ። ከዚያ ነው የሚቀዳው። ሲቀዳ በሙሉ ልክ፣ 720 በ576፣ ምንም ሳይቆረጥ፣ ጠርዙ ላይ ያለው የተንጋደደ መስመር ሁሉ ሳይቀር። ማሳመር በኋላ ነው፣ ያውም በቅጂው ላይ። የመጀመሪያው ፋይል እንዳለ ይቀመጣል።

ሌላውም ይስማ፦ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ «ጥራት የሚጨምሩ» መተግበሪያዎችን ለዚህ ሥራ አትንኳቸው። ፊትን ያሳምሩ ይሆናል። ፊደላችንን ግን ያጠፉታል። ደብዛዛውን ዓርማ ሲያገኙ ባለው ነገር አይወሰኑም፤ የሚመስላቸውን ይፈጥራሉ። የሌለ ፊደል ይሠራሉ። እንዲህ ያለ ምስል ስብስቡ ውስጥ አንዴ ከገባ ነገ ሌላው «ይኸው እንዲህ ያለ ዓርማ ነበር» ብሎ ይከራከርበታል። ደብዛዛው እውነት ይሻላል።

ዘጌ_ቡና፦
ተባረክ ልጄ። ነጩ ያለባቸውን ዛሬውኑ እለያለሁ።

የዲሽ_ልጅ፦
ጋሼ፣ የሚሠራ ዴክ እኔ ጋ አለ። ሥራ ሲቀዘቅዝ እየጠገንኩ ያቆየሁት ነው። ጭንቅላቱን አጽድቼ አዘጋጀዋለሁ።

ሰነድ_ወዳዱ፦
ለመለያ የሚሆን አንድ ዘዴ ልጨምር፤ የጽሑፉ ፊደል። ከታች የሚሮጠውንና የእንግዶችን ስም የሚያሳየውን ጽሑፍ አስተውሉ። ባንድ ዘመን የኮምፒውተር አማርኛ ማለት ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ነበር። ቢሮው፣ ማተሚያ ቤቱ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ሁሉ በነሱ ነው የሚጽፈው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ኒያላ የሚባለው ፊደል ደግሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ፣ ያ በኛ 1999 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ ኒያላን ካያችሁ ቪዲዮው በኛ ከ1999 ዓ.ም. በፊት ሊሆን አይችልም። ከመቼ በኋላ እንደሆነ ይነግራችኋል፣ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አይነግራችሁም፤ ምክንያቱም አሮጌውን ሶፍትዌር ለዓመታት ይዞ የቆየ አለ።

የፌስቡክ ስክሪንሻትም ጠቃሚ ነው። የጣቢያው ዜና ሲጀምር «ባሕር ዳር» ብሎ ቀኑን ጽፎ በቅንፍ አብመድ ይል ነበር። በ2013 ዓ.ም. መሃል ላይ ያው ቅንፍ ውስጥ አሚኮ ገባ። ከዜናው ግርጌ ደግሞ «ለኅብረተሰብ ለውጥ እንተጋለን!» የሚለው አለ። ለውጡ የመጣበትን ሳምንት ማግኘት ከፈለጋችሁ ካሴት አያስፈልግም። የዚያን ዓመት ዜናዎች ወደ ኋላ መገልበጥ ነው፤ ቀኑ እዚያው ተጽፏል።

ሕጉንም ላንሣ፣ ኋላ እንዳንጣላ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የብሮድካስት ድርጅት በስርጭቱ ላይ ለ20 ዓመት መብት አለው። ዓርማው ደግሞ በንግድ ምልክት ከተመዘገበ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ለ7 ዓመት ይጠበቃል፣ እየታደሰም ይቀጥላል። ስለዚህ ሙሉ ፕሮግራም አንልቀቅ። ዓርማውን የሚያሳይ ምስልና አጭር ቁራጭ ይበቃል። ማንም ሰው ዓርማውን አትሞ ቲሸርት እንዳይሸጥ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ስብስቡ ሲያድግ ለጣቢያው ራሱ ቅጂውን ይዞ መሄድ ነው። እነሱም ጋ የጎደለ ካሴት ሊኖር ይችላል። በዚያ ዘመን በየትኛውም አገር ጣቢያ ካሴት ውድ ስለነበር አሮጌው ላይ መልሶ መቅዳት የተለመደ ነበር።

ወሎዬው፦
ሰነድ ወዳዱ፣ ይሄ የመጨረሻው ሐሳብ ጥሩ ነው። ደሴ በኩል ካሴት ያላቸውን ሰዎች እኔ እጠይቃለሁ። ስለ ዓርማው ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ፖሊ_ግራፊክስ፦
እኔ ልመልስልህ ወሎዬው፣ አልረሳሁትም።

ያነሣኸው ነገር በሙያውም ትልቅ ጥያቄ ነው። የኔ አስተያየት፣ ዓርማ ላይ ሁሉንም ለማሳየት መሞከር የለብንም። ጣና፣ ላሊበላ፣ የፋሲል ግንብ፣ የአዊ ፈረሰኞች፣ የወሎ መንዙማ ቤት፣ የዋግ ተራራ በአንድ ትንሽ ክብ ውስጥ ከገቡ ማንም አይታይም። አንዱ ብቻ ከገባ ደግሞ ሌላው ይከፋዋል። ስለዚህ የጥጉ ዓርማ ፊደል ብቻ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ወፈር ያለ፣ ክፍት፣ በሩቅ የሚነበብ። ፊደሉ የሁላችን ነው።

ቦታዎቹና ሰዎቹ የሚገቡት በፕሮግራሞች መካከል በምትመጣው አጭር መለያ ላይ ነው። እሷ ጥቂት ሰኮንድ ናት። ዛሬ ዓሣ አስጋሪው ከደንገል ታንኳው ላይ መረቡን ሲጥል፣ ነገ የእንጅባራ ፈረስ ሲጋልብ፣ ከነገ ወዲያ የደሴ ሸዋ በር ሲነጋ። መጨረሻ ላይ ያው ፊደልና ያው ዜማ ይመጣል። እታለም ያለችው ዜማ ማለት ነው። ዜማው አንድ ሆኖ አንዴ በዋሽንት፣ አንዴ በማሲንቆ፣ አንዴ በክራር ቢመጣ እናቷ ወጥ ቤት ሆና ታውቀዋለች፣ ሰቆጣ ያለውም የኔ ነው ይላል።

እታለም_ሽምብጥ፦
ይሄን ወድጄዋለሁ። በዋሽንት የመጣ ዕለት እናቴ ሳሎን ድረስ ትመጣለች።

ወሎዬው፦
በዚህ እስማማለሁ። ሸዋ በርን ስላስታወስከኝም አመሰግናለሁ።

ድባንቄ፦
እኔ በስሙ ጉዳይ አቋሜ ያው ነው። ለስብስቡ ግን አለሁ። ቤት ውስጥ የእህቴ ምርቃት ካሴት አለ፣ መጨረሻው ላይ የዚያን ቀን ማታ ዜና ተቀድቷል። ከነዓርማው ነው። ምርቃቱ የተጻፈበት ወረቀት ስላለ ቀኑ የታወቀ ነው።

የጣና_ዳር፦
ድባንቄ፣ ይሄ ወርቅ ነው! ቀኑ የታወቀ አንድ ምስል ቀን የሌላቸውን ብዙ ምስሎች ይፈታል። የምርቃት፣ የሠርግና የልደት ካሴት ያላችሁ ሁላችሁ መጨረሻውን እስከ ጫፍ እዩት። ሰው ካሴቱ እንዳያልቅ ብሎ ትርፉ ላይ ዜና ይቀዳ ነበር።

እንግዲህ ስትልኩ እንዲህ አድርጉ። ፋይሉ ስም ላይ መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። በእርግጠኝነት ካወቃችሁት «የታወቀ»፣ ከገመታችሁት «ግምት» በሉ፤ ግምትን እንደ እውቀት የጻፈ ሰው ሁላችንንም ያሳስታል። ቀጥሎ ከየት እንደተቀዳ፦ ከካሴት፣ ከሪሲቨር፣ ከስልክ። ከዚያ የተቀዳበት ከተማ። የቤተሰብ ምስል ካለበት ያንን አስቀሩና ዜናውን ብቻ ላኩ፤ የሰው ሠርግ ሰው ሳይፈቅድ አይለጠፍም። ፖሊ ግራፊክስ ምስሎቹን በተርታ ያደራጃል። እንደገና የሚሳል ነገር አይኖርም፣ ካሴቱ ላይ ያለው ብቻ። እታለም ድምፆቹን ትይዛለች። ወሎዬው የደሴና የከሚሴን ይሰበስባል። ደብረ ማርቆስ፣ ጎንደርና ደብረ ብርሃን ያላችሁ ደግሞ እዚሁ ስር ድምፃችሁን አሰሙ፤ እስካሁን ከናንተ ማንም አልጻፈም።

ዘጌ_ቡና፦
ልጆቼ፣ ለይቻቸዋለሁ። ንጹሖቹ ይበዛሉ። አንዱ ላይ በእጄ «የጣና ዓሣ፣ መስከረም» ብዬ ጽፌበታለሁ፣ ዓመቱን ግን አልጻፍኩም። ቅዳሜ በጀልባ ወደ ከተማ እመጣለሁና ይዣቸው ልምጣ?

የዲሽ_ልጅ፦
ይምጡ ጋሼ። ጀልባው መውረጃ ላይ እጠብቅዎታለሁ፣ ሣጥኑን እኔ እሸከማለሁ። ካሴቶቹን ብቻ በሁለት ላስቲክ ጠቅልለው አፉን አጥብቀው ይሰሩት፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ይናወጣልና በጠዋቱ ጀልባ ይምጡ። የሻገቱትን ለጊዜው እዚያው ይተዋቸው።